ለእሑድ ማታ የሰጠሁት ቀጠሮ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 75። ጠዋት 12፡40።

እስካሁን አራት መኪና ብቻ ነው የገባው። ሂተሩ ዛሬም አይሠራም። እግሬን በጋዜጣ ጠቅልያለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ምድር ቤት ያለ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን ተቀምጬ ቲኬት እየቀደድኩ ነው የምጽፍልህ፣ ደብተሬ።

የቅዳሜውን አልነገርኩህም። ሽማግሌ መጣብን። ሦስት ናቸው፤ ሁሉም ከጉባኤያችን። ከፊት ጋሽ ወልዴ፣ ሰባ ያለፋቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ቀጥሎ አቶ ሽፈራው፣ ፎልስ ቸርች ከተማ ምግብ ቤት ያለው። ሦስተኛው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። ወንበር አሳየኋቸው። እንደ ወጉ፣ የመጣንበት ካልተሰጠን አንቀመጥም አሉ። የመጡት እኅቴን ፀዳለን ለአማረ ሊጠይቁ ነው።

አባታችን የለም። መስጠትም መከልከልም የእኔ ነው። ፀዳለ 31 ዓመቷ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ የቤቱን ኪራይ እኩል ትከፍላለች። ግን እኔ እሺ ካላልኩ አታገባም። አስተዳደጋችን ነው።

አሥራ ስድስት ዓመት አዲስ አበባ ጉምሩክ ሻንጣ ፈትሻለሁ። እኅቴን ባንድ ቀን አልሰጥም። የጥር አራተኛው እሑድ፣ ጥር 22፣ ማታ 12 ሰዓት ኑ አልኳቸው። እስከዚያ እንመካከራለን አልኩ። ከማን ጋር እንደምመካከር እነሱም ያውቃሉ። ከራሴ ጋር ነው።

አማረ ታክሲ ነጂ ነው፤ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ይኖራል። ደሴ ተወልጄ፣ ደሴ አድጌ፣ እዚያው ግምጃ ቤት ሠርቼ ይላል። ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ እዚህ። ይሁን። ግን ባለፈው የጉባኤው ምሳ ላይ ፓስታ ሲበላ አየሁት። ሹካውን ባንድ እጁ ጠምዘዝ ጠምዘዝ፤ አንድ ክር አልወደቀበትም። ደሴ ላይ ይህን ማን አስተማረው? ደግሞም ትሑት ነው፤ ልክ ያለፈ። ልክ ያለፈ ትሕትና ያለው መንገደኛ ሻንጣው ከታች ድብቅ ኪስ አለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

መኪና መጣ።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 30። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ዛሬ ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ነን። ሚስተር ኮልማን ሬዲዮ ይዞ ገባ። (ጥቁር አሜሪካዊ፣ ሽማግሌ፣ ከእኔ በፊት ሃያ ዓመት እዚህ የሠራ። ከዚህ በኋላ ሚ/ር ኮ.።) ጨዋታ አለ አለኝ። ዝም ብሎ የሚጮኽ ሰው ነው በሬዲዮው ያመጣብኝ።

ኳስ ይሉታል፤ በእጃቸው ታቅፈው ይሮጣሉ። አራት ሙከራ አላቸው። በአራቱ አሥር እርምጃ ያህል ካልገፉ ኳሱን ለሌላው ያስረክባሉ። ይኸው ነው፤ የቀረው መተራመስ ነው።

የከተማው ቡድን ነው የሚጫወተው። ወቅቱ ሲጀመር ከቁም ነገር የቆጠራቸው የለም አለ ሚ/ር ኮ.። ከዚያ የአገሩ ተጫዋች ሁሉ አድማ መታ። ሁለት ወር ሜዳው ባዶ። ከአድማው ሲመለሱ ሌላው ሲንገዳገድ እነዚህ ያሸንፉ ጀመር። አሁን የተሸነፈ የሚወጣበት ዙር ላይ ደርሰዋል። ዛሬም አሸነፉ። ሚ/ር ኮ. ኮፍያውን ሳመ።

እኔ አላምንም። ተጋድሞ የኖረ ቡድን በአንድ አድማ እንዴት ይነሣል? አድማ አይቻለሁ። ከአድማ በስተጀርባ የተዋዋለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ነገርኩት። ሳቀብኝ፤ አንተ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ነው የምታየው አለኝ።

(ማታ።) ቤት ስገባ ፀዳለ ፊቷ በርቷል። ሳልጠይቃት፣ አሸነፉ አይደል አለችኝ። ማን ነገረሽ? ሥራ ቦታ ሰማሁ አለች። ዛሬ ኦፍ ናት፤ ሥራ አልገባችም።


እሑድ፣ ጥር 1። ማታ 1 ሰዓት።

ቤተ ክርስቲያኑን ከፈረንጆች ነው የምንከራየው፤ ጠዋት የእነሱ፣ ከሰዓት የእኛ። 8 ሰዓት ተጀመረ። ስብከት መሐል አማረ ወጣ። ተመለሰ። ደግሞ ወጣ። በሁለተኛው ጋሽ ወልዴም ወንበራቸው ላይ የሉም። ለሽማግሌ ሰው ሽንት ቤት ይሆናል ብዬ ታገስኩ። አንድ መዝሙር ሙሉ አለቀ። ይህ የሽንት ቤት ጊዜ አይደለም።

ወጣሁ። የአማረ ታክሲ መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ። ሁለቱም ከፊት ተቀምጠዋል፤ መስታወቱ ዝግ፣ በትንፋሽ የታፈነ። አንገታቸውን ደፍተዋል። ይጸልያሉ ልል ስል ጋሽ ወልዴ ጉልበታቸውን በቡጢ መቱ። ያንኑ የሚያማቸውን። አዩኝ። አማረ እጁን ሰደድ አድርጎ አንድ ነገር አጠፋ። ጋሽ ወልዴ መስታወቱን ዝቅ አድርገው ጌታ ይባርክህ አሉኝ። ምን ልበል? አሜን አልኩ።

አማላጁ ሽማግሌ ከአግቢው ጋር፣ በዝግ መኪና፣ በስብከት ሰዓት። ጉምሩክ ሳለሁ ፈታሽና መንገደኛ አብረው ሻይ ሲጠጡ ካየሁ ሁለቱንም ነበር የማስፈትሸው።


ረቡዕ፣ ጥር 4። ከቀኑ 9፡30።

ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ወልዴ። ስለ ጤና፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጉልበታቸው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ያን የጥር 22ቱን ቀጠሮ ወደ ቅዳሜ ብታመጣው፣ ካልሆነም ወደ ሰኞ ብትገፋው አሉ። ለምን? ጉዳይ አለን። የምን ጉዳይ? የእሑድ ጉዳይ ነው አሉና ሳሉ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። አቶ ሽፈራው ኮል አደረገኝ። እሱ ደግሞ ሰዓቱን ብቻ ለወጥ እናድርገው አለ። "አቶ መርሻ፣ 8 ሰዓት ቢሆን ምን አለበት? ከጉባኤ ቀጥታ እንመጣለን" አለኝ። በ8 ሰዓት ራሱ ጉባኤ ነው! የጉባኤውን ሰዓት እንኳ የረሳ ሰው በሐሳቡ ሌላ ነገር ይዟል ማለት ነው።

አየህ፣ ደብተሬ? ሊያገባ የቸኮለ ሰው ቀን ይቀርብለት ዘንድ ይለምናል፤ ቀን ይቀየር አይልም። የዚያን እሑድ ማታ አንድ ነገር አለ። እኔ ብቻ የማላውቀው። ለሁለቱም ቀኑ ቀኑ ነው፣ ሰዓቱም ሰዓቱ ነው አልኳቸው። ፀዳለ ከኩሽና ሰማች። ድስት ወደቀባት።


ቅዳሜ፣ ጥር 7። ማታ 2 ሰዓት።

ያዝኩት።

ከተማው ዛሬም ለብቻው አብዷል፤ ያ ቡድን ሁለተኛውንም አሸነፈ። ይህን ተወው። ከሰዓት አማረ ፀዳለን ወደ መዘምራን ልምምድ ሊወስድ መጣ። መኪናዬ በረዶ ላይ ተጣብቃ አየ። ሳልለምነው ኮቱን አውልቆ አስያዘኝ፤ ፀዳለን መሪ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ይገፋ ጀመር። እኔ ዳር ላይ ኮቱን ይዤ ቆሜያለሁ።

እጄ ሥራውን አልረሳም። ጎንበስ ብሎ ሲገፋ የውስጥ ኪሱን ዳሰስኩ። መጀመሪያ የተጣጠፈ ወረቀት። ቀጥሎ አንድ ለስላሳ ነገር። አወጣሁት። የአሳማ አፍንጫ! ከላስቲክ የተሠራ፤ ሁለት ቀዳዳ ያለው፤ በጆሮ የሚታሰር ክር ያለው። በጌታ ያለ ሰው ኪስ ውስጥ አሳማ! ጌታ አጋንንቱን የሰደደባት እንስሳ። ወደ ኪሱ መልሼ ወረወርኩት፤ እጄን በበረዶ አሸሁ። ወረቀቱን ግን አስቀረሁ።

አሁን ከፊቴ ነው። ክብ ምልክቶች በአንድ መስመር፤ ፊት ለፊታቸው መስቀሎች። ከየክቡ የሚወጣ ቀስት፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ እንደ እባብ የታጠፈ። ይህን እኔ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ባሏ የሸሻት ሴት አንገቷ ላይ ያሠረችው ክታብ ሲፈታ አይቻለሁ። እንዲህ ነበር፤ ክብና መስቀል። መስተፋቅር ነው። እኅቴን በመስተፋቅር ነው ያሰራት! ለዚህ ነው ሰው ታቅፎት በሚሮጥ ኳስ የምትስቀው። ወረቀቱን እዚህ ጀርባህ ላይ ገልብጬዋለሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

መኪናዬን ሲያወጣት በላብ ተጠምቆ ነበር። አመሰገንኩት።


እሑድ፣ ጥር 8። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ከጉባኤ በኋላ ጋሽ ወልዴን ለብቻቸው ወደ ጓዳ ጠራኋቸው። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። ከየት እንዳገኘሁትም ተናገርኩ፤ አልዋሸሁም። የአሳማውንም ነገርኩ። አሁን ልጁን ይገሥጻሉ፣ ቀጠሮውን ያፈርሳሉ ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ገልብጠው አቀኑት። ረጅም ጊዜ አዩት። በጣታቸው የታጠፈውን ቀስት ተከተሉ። ከዚያ ሳል ያዛቸው፤ ፊታቸው ቀላ።

ይህን እኔ ጋ ተወው አሉኝ። እንጸልይበታለን አሉ። አጣጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ላዩ የቱ እንደሆነ በምን አወቁ? እኔ ገልብጬ ነበር የያዝኩት። እኔ ያላወቅሁትን የሰባ ዓመት ሽማግሌ እንዴት ያውቃል? ማስረጃዬም ሄደ። ደግነቱ ቅጂው አንተ ጋ ነው።

ጉባኤው በሙሉ ተበላሽቷል።


ሰኞ፣ ጥር 9። ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ምሳ ላይ።

አፍሬአለሁ። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

ለሚ/ር ኮ. ቅጂውን አሳየሁት። በአገሬ እንዲህ ያለ ነገር ለክፉ ሥራ ነው፣ በእናንተስ አገር ምን ይሉታል ብዬ። ሰውዬው አየው። ፈገግ አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ቲኬት መቅደድ እስኪያቅተው፤ ሦስት መኪና ተሰልፎ ጥሩንባ እስኪነፋብን ሳቀ።

የጨዋታ ንድፍ ነው። ክቦቹ የእኛ ሰዎች፣ መስቀሎቹ የእነሱ። የታጠፈው ቀስት ኳሱን የያዘው ሯጭ መንገድ። የአሳማውንም ጠየቅሁት። ከፊት የሚቆሙት ግዙፎቹ የቡድኑ ገፊዎች አሳማ ተብለው ይጠራሉ፤ በፍቅር ነው። ሕዝቡ የአሳማ አፍንጫ እያደረገ ሜዳ ይገባል። ዳኛውም፣ ፖሊሱም፣ አያቱም። ከመሳቢያው የራሱን አውጥቶ አደረገው። ያንን አፍንጫ አድርጎ ለአንዲት ሴትዮ መልስ ሰጣት። ሴትዮዋ አልገረማትም።

የዋንጫው ጨዋታ መቼ ነው አልኩ። በእነሱ የወሩ መጨረሻ እሑድ፣ ከምሽቱ ስድስት ሰዓት። የእኔ 12 ሰዓት። ጥር 22።

ለካ ሽማግሌዎቹ! ቡድኑ ለዋንጫ ለመድረስ ገና አንድ ጨዋታ ይቀረዋል፤ ያም ከባዱ፤ ከጥንት ጀምሮ ከሚያሳፍረው ባላንጣው ጋር። ገና ላልደረሱበት ዋንጫ ቀጠሮ ያስቀይራሉ። በጉባኤው ጸሎት ላይ እንዲህ ያለ እምነት አሳይተው አያውቁም።

ግን ደብተሬ፣ አንዱ ሲፈታ አንዱ ተቋጠረ። ሚ/ር ኮ. ንድፉን ደግሞ አይቶ፣ ይህን የሣለው ተመልካች አይደለም አለኝ። ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው ነው። የድሮ ንድፍ ነው፤ እኔ ወታደር ሳለሁ በጦር ሰፈር እንጫወተው የነበረ አለኝ።

ጦር ሰፈር። የደሴ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የአሜሪካን ወታደር ጨዋታ የት ተማረ? መስተፋቅር በሆነልኝ ይሻል ነበር።


እሑድ፣ ጥር 15። ጠዋት 3 ሰዓት።

ትናንት ባላንጣቸውን አሸነፉ። ለዋንጫ ደረሱ። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ ሁሉ ጥሩንባ ነበር። ሰው ከመኪና መስኮት ወጥቶ የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይኸው ነው። እኔንም አንዱ አቀፈኝ። ኪሴን ነካሁ፤ ሁሉም በቦታው ነበር።

ከሥራ ስወጣ መኪናዬን ትቼ አማረን ቤት አድርሰኝ አልኩት። ከኋላ ተቀመጥኩ። ድልድዩን ስናልፍ ደሴ አልኖርክም አልኩት፤ እንደ ድሮዬ፣ ዝም ብሎ፣ ጥያቄ ሳላደርገው። በመስታወቱ አየኝ። ሬዲዮውን ዘጋ።

"አስመራ ነበርኩ፣ ጋሽ መርሻ" አለ።

አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር፣ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቷል። የተጫዋቾቹን ማሊያ ያጥብ ነበር። አንድ ቀን ሰው ጎድሎባቸው ግባ አሉት። ገባ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ከፈረንጅ ወታደር ጋር በጭቃ ሲወድቅ ነው የከረመው። በሕይወቴ ደስ ያለኝ ያኔ ነው አለ። ፓስታውም ከዚያው ነው።

ዘመኑ ሲገለበጥ ለአሜሪካን የሠራ ሁሉ ሰላይ ተባለ። ከማጠቢያው ሁለት ጓደኞቹ አዲስ አበባ ላይ ተያዙ። ሌላ ምንም አልነበራቸውም፤ የድሮ የሥራ መታወቂያ ካርድ ሻንጣቸው ውስጥ ተገኘ። አውሮፕላን ጣቢያ። አልተመለሱም። አማረ የራሱን ካርድ አቃጠለ፤ ከዚያ ጀምሮ ደሴ ነው የሚለው።

በማን እጅ እንደተገኘ አያውቅም። አልጠየቀኝም። የት እሠራ እንደነበር ያውቃል፤ ግን አልጠየቀኝም።

እኔ ልንገርህ። እንዲህ ያለ ካርድ አግኝቻለሁ። ፎቶ ያለው፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። ስንት? አልቆጠርኩም። መዝግቤ ለበላይ አስረክቤ ፈርሜአለሁ። ባለቤቶቹ ወዴት እንደሄዱ መጠየቅ ሥራዬ አልነበረም። የእሱ ጓደኞች ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። መቼም አላውቅም። ሌሊቱን ፊቶች ለማስታወስ ሞከርኩ፤ የሚመጣልኝ ሻንጣ ብቻ ነው። ቡኒ። ጥቁር። በገመድ የታሰረ።


ማክሰኞ፣ ጥር 17። ከቀኑ 11፡15።

ከፀዳለ ጋር ተጣላን። አማረ አስመራ እንደነበር ታውቂያለሽ አልኳት። ታውቃለች። ከነሐሴ ጀምሮ! የጨዋታውን ሕግ ሁሉ አስተምሯታል፤ ሥራ ቦታዋ ካሉት አረጋውያን ጋር ታያለች። አምስት ወር በገዛ ቤቴ ስታሞኘኝ። ጮኽኩ። ይህ ሰው ዋሽቶሻል ብዬ ልጀምር ነበር፤ እሷን ግን አልዋሻትም፤ እኔን ነው። ለምን? እኔ ምን አድርጌው?

ሳህኑን አስቀመጠች። እጇን በፎጣ ጠረገች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ጋሼ፣ ለአንተም ደሴ በል ያልኩት እኔ ነኝ። አንተን ፈርቼ።"

ምኔን? ቦርሳዋን አነሣች። ወደ ሥራ ሄደች። የማታ ሺፍት ናት።

እኔን ፈርታ። ያሳደግኋትን። ከሱዳን በረሃ፣ ታማ ሳለች፣ በጀርባዬ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ለእሷ ስል አላገባሁም። ቀበሌ ነኝ? አብዮት ጥበቃ ነኝ?


አርብ፣ ጥር 20። ጠዋት 1 ሰዓት።

ወሰንኩ። እንቢ ነው የምላቸው።

ምክንያቴ በቂ ነው። ዋሽቶ የገባ ሰው ሌላም ይዋሻል። ሽማግሌዎቹም አድልተዋል። ማንም አይወቅሰኝም።

(7 ሰዓት።) ሚ/ር ኮ. ምን ሆንክ አለኝ። እኅቴ ልታገባ ነው አልኩት። ታዲያ ማን አብሮህ ይበላል አለ። እሱ ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ምሳውንም እራቱንም እዚህ ሣጥን ውስጥ ነው የሚበላው። ስቄ አለፍኩት። ከዚያ መሳቅ አቃተኝ።

እውነቱን ለአንተ እንኳ ካልጻፍኩ ለማን እጽፋለሁ? ልጁ ላይ ምንም አላገኘሁም። ገና በር ላይ ሲቆሙ ሆዴ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ ልትሄድ ነው። ቤት ስገባ መብራት የሚያበራ የለም። ከዚያ ወዲህ ስፈትሽ የከረምኩት ምክንያት ነው እንጂ አማረን አይደለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ይኸው ደረሰ።

ቢሆንም እንቢ ነው የምለው።


እሑድ፣ ጥር 22። ማታ 4 ሰዓት።

ውጭ ሰው ድስት እየመታ ይጮሃል። ያ ማንም ያልቆጠረው ቡድን ዋንጫውን ወሰደ። ከመጀመሪያው ልጻፍልህ።

ልክ 12 ሰዓት። በሩ ተንኳኳ። ሦስቱም ካፖርት እንደለበሱ። አማረ ታች ታክሲው ውስጥ ነው፤ መልስ ሳይሰማ አይገባም። ጋሽ ወልዴ ንግግራቸውን ጀመሩ፤ ጥቅስ ሳይጠቅሱ፣ በሩጫ። ዓይናቸው ጥግ ያለው ቴሌቪዥን ላይ ሄዶ ይመለሳል። የጠፋ ቴሌቪዥን።

እንቢ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነው። ግን ቶሎ ማለት አልፈለግሁም። ክፋት ነው፤ አውቃለሁ። ተነሥቼ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት። እያየን እንነጋገር አልኩ። ሦስቱም ተያዩ። ቁጭ በሉ አላልኳቸውም።

ስለዚህ ቆመው አዩ። ወግ ወግ ነው። ጋሽ ወልዴ በአንድ እግራቸው፣ ከዚያ በሌላው። ወንበሩን በዓይናቸው ይበሉታል፤ አይነኩትም። ቡድኑ እየተመራ ነው። ዕረፍት ሆነ። እኔ ስለ ዘር ጠየቅሁ። አቶ ሽፈራው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ የአማረን አያት ቅድመ አያት ቆጠረ፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ጨዋታው ተጀመረና ተወው። አልተቆጣሁም። ፀዳለ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች።

ሦስት ሰዓት ገደማ። አሁንም እየተመሩ ናቸው። አራተኛው ሙከራ፤ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀራቸዋል። እንዲህ ሲሆን ኳሱን በእግር መትቶ ማራቅ ነው ደንቡ፤ ካልሞላ ትሰጣለህና። አልመቱም። ለወፍራሙ ሯጭ ሰጡት። ወደ ግራ። አንዱ ማሊያውን ጨምድዶ ያዘው። አራግፎት ሮጠ። ሮጠ። ሜዳውን ጨረሰው። ቤቱ ተናወጠ። ያ ድምፁን የማላውቀው ዝምተኛ ሰውዬ እልል አለ፤ እንደ ሴት! ጋሽ ወልዴ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። እኔም ጮኽኩ መሰለኝ። ዞሬ ፀዳለን ፈለግሁ፤ ደስታዋን ላይ ብዬ።

ስክሪኑን አታይም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የምታየው እጄን ነው።

ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ። ከጠረጴዛው ማዶ የሚቆሙ ሰዎች እንዲያ ነው የሚያዩት፤ ሻንጣቸው ውስጥ ምንም ባይኖርም። ፊት አያዩም፤ የፈታሹን እጅ ነው የሚያዩት፣ ምን እንደሚያወጣ። በገዛ ቤቴ። የእናቴ ልጅ። ልቤ ተሰበረ፣ ደብተሬ። በእውነት ነው የምልህ፤ ተሰበረ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ቁጭ በሉ። ሰጥቻለሁ" አልኩ።

አልሰሙኝም። ቴሌቪዥኑ ይጮሃል። ደገምኩት። አቶ ሽፈራው ሰማ፤ ሌሎቹን በክርን ጎሰመ። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ተቀመጡ፤ ሶፋው ጮኸ። ጋሽ ወልዴ ጉልበታቸውን ይዘው ያለቅሱ ጀመር። ከሕመም ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ ላጣራም አልፈልግም። ፀዳለ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች። ልከተላት አልኩና ተውኩት። ሌላ የሚጠብቅ ሰው ነበረ።

ካፖርት ሳልደርብ በደረጃው ወረድኩ። ታክሲው በረዶው ላይ፣ ሞተሩ አልጠፋም። አማረ በመስታወቱ አየኝ። ወረደ። በሩን ዘግቶ ቆመ፤ ሁለት እጁን ከጎኑ ራቅ አድርጎ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሊፈተሽ እንደሚጠብቅ ሰው።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ አልወጣልኝም። ነገ ይወጣ ይሆናል።

"ወደ ላይ ውጣ፣ ይበርድሃል" አልኩት። "ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል።"